እንስሳውን ሳታውቁ ቁጥሩን አትመኑ

ሰሞኑን የሚጽፉልኝ ተማሪዎች ጥያቄ አንድ አይነት እየሆነ ስለመጣ አንዴ ዘርዘር አድርጌ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፣ የወንዝና የሐይቅ ኢንቨርቴብሬት ኢኮሎጂ ላይ ሪሰርች መስራት እፈልጋለሁ፣ ከምን ልጀምር፣ ኮዲንግ ይሻላል ወይስ ዲኤንኤ፣ የትኛው ጆርናል ላይ ባሳትም ጥሩ ነው? የኔ መልስ ደግሞ ሁሌ ያው ነው፣ መጀመሪያ እንስሳቱን እወቋቸው። ይሄን ስል ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፣ ዘመኑ ያለፈበት ሰው ወሬ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ አልፈርድባቸውም። ግን ዕድሜዬን በሙሉ እዚህ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ለምን እንደዛ እንደምል ላስረዳችሁና ከዛ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉ።

ለማያውቀው ሰው፣ ኢንቨርቴብሬት የምንላቸው የጀርባ አጥንት የሌላቸውን እንስሳት ነው፣ እኛ ጋር ማለት የሜይፍላይ፣ የስቶንፍላይና የካዲስፍላይ እጮች (ሲያድጉ ክንፍ አውጥተው ከውሃ የሚወጡ ነፍሳት ናቸው)፣ ቀንድ አውጣ፣ አልቅት፣ የጭቃ ትሎች፣ ሐይቅ ላይ ደግሞ እንደ ዳፍኒያ ያሉ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ደቃቆች ምናምን። ወንዝና ሐይቅ ከምድር ገጽ 1 በመቶውን እንኳ አይሸፍኑም፣ ግን እስካሁን ስም ከተሰጣቸው የእንስሳት ዝርያዎች 10 በመቶ የሚጠጉት እዛ ውስጥ ነው ያሉት፣ አብዛኞቹም ነፍሳት ናቸው። የውሃ ጥራት የሚከታተሉ መስሪያ ቤቶች እነዚህን የሚፈልጓቸው ለፍቅር አይደለም፣ ኬሚካል ስትለኩ የምታገኙት ናሙናውን የቀዳችሁበትን ደቂቃ ነው፣ ፋብሪካው ሌሊት ለቆ ጠዋት ከዘጋ መሳሪያችሁ ምንም አያይም፣ እጩ ግን እዛው ድንጋይ ስር ወራት ስለሚቆይ የደረሰበትን ሁሉ ችሎ አለ ወይ ጠፍቷል። ኮልክዊትዝና ማርሰን የሚባሉ ሁለት ጀርመኖች በ1900ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ፍሳሽ የገባበትን ወንዝ ውስጡ ባሉት ፍጥረታት ለመመደብ የሞከሩት ከዚሁ የተነሳ ነው፣ ዛሬ የውሃ ጥራት ለመመደብ የምንጠቀምባቸው ኢንዴክሶች ብዙዎቹ የነሱ የልጅ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ዛሬ ማስተርሱን የሚጀምር ተማሪ ብዙ ጊዜ ዳታውን የሚያገኘው ተሰርቶ ያለቀ ሠንጠረዥ ሆኖ ነው። በአንድ በኩል የቦታ ስም፣ ከላይ የእንስሳ ስም፣ መሃል ላይ ቁጥር። ቁጥሩ በምን መረብ ተይዞ፣ በማን ዓይን ታይቶ እዛ እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም፣ ቀጥታ ወደ ሞዴል ነው። አሁን ሠንጠረዡ ላይ ቺሮኖሚድ 340 ይላል እንበል። ቺሮኖሚድ ግን አንድ እንስሳ አይደለም፣ ትንኝ የሚመስሉ ግን የማይናከሱ ዝንቦች ቤተሰብ ነው፣ በሺዎች የሚቆጠር ዝርያ አለው። አንዳንዱ ሰውነቱ ውስጥ ሄሞግሎቢን ስላለ ደም መስሎ ቀይ ነው፣ ኦክስጅን የተሟጠጠበት ጭቃ ውስጥ ተመችቶት ይኖራል፣ ሌላው ከበረዶ ግግር ስር በሚወጣ ብርድ ውሃ ውስጥ ካልሆነ አይገኝም፣ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ አለት ላይ በምትቀር ትንሽ ኩሬ ውስጥ የሚኖር አንድ ዝርያ አለ፣ ኩሬዋ ስትደርቅ አብሮ ክው ብሎ ይደርቅና ከዓመታት በኋላ እንኳ ውሃ ሲነካው ይነሳል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ደምራችሁ ከሙቀት ጋር ግንኙነት አላቸው የላቸውም ብላችሁ ስትሟገቱ ምን እየለካችሁ እንደሆነ ለኔ አይገባኝም፣ ለእናንተም ቢሆን የሚገባችሁ አይመስለኝም።

ይሄ የሊቃውንት ቅብጠት እንዳይመስላችሁ። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ የወንዝ ዓይነ ስውርነት የሚባለውን በሽታ ለማጥፋት በ1974 ትልቅ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር፣ በሽታውን የሚያስተላልፈው ጥቁር ዝንብ እጩ የሚያድገው ፈጣን ወንዝ ላይ ስለሆነ ለዓመታት በአውሮፕላን ወንዞቹ ላይ የእጭ መግደያ መድኃኒት ይረጭ ነበር። ሲሙሊየም ዳምኖሰም የተባለው ያ ዝንብ ግን አንድ ዝርያ አልነበረም። የእጮቹን ክሮሞዞም ማይክሮስኮፕ ስር ያዩ ሰዎች መልካቸው አንድ የሚመስል ብዙ ዝርያዎች ጥርቅም መሆኑን አሳዩ፣ አንዳንዶቹ ሰው ይነክሳሉ አንዳንዶቹ ዞር ብለው አያዩትም፣ አንዱ ሳቫና ላይ ሌላው ጫካ ውስጥ ነው፣ ረጅም ርቀት የሚበረውም አለ። የት ይረጭ፣ ነፋስ ይዞት የሚመጣው የትኛው ነው፣ መድኃኒቱን የተላመደው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ሁሉ እዛ መለየት ላይ ነው የቆመው። ፕሮግራሙ በ2002 ሲዘጋ ብዙ ሚሊዮን ሰው ከበሽታው ተርፎ ነበር፣ ከዛ ሁሉ ጀርባ እጭ ቆርጦ ስላይድ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ቴክኒሻን አለ። እኔ ሁሌ የማስበው እሱን ነው።

ሌላው ብራይተንባህ የምትባል ጀርመን አገር ያለች ትንሽ ጅረት ናት፣ ለመዝለል እንኳ የማታስቸግር። ከ1969 ጀምሮ ጅረቷ ላይ እንደ ድንኳን ያለ ወጥመድ ተክለው ከውሃ የሚወጣውን ነፍሳት ሁሉ እየሰበሰቡ በዝርያ ሲለዩ ኖሩ፣ 42 ዓመት። ውጤቱ በ2020 ሲወጣ ውሃው ወደ 2 ዲግሪ የሚጠጋ ሞቋል፣ የነፍሳቱ ብዛት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል፣ በብዛት የሚወጡበት ጊዜም ወደ 2 ሳምንት ቀድሟል። እዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው። የዝርያ ቁጥሩ ግን ትንሽ ጨምሮ ነው የተገኘው! አስቡት፣ ዝርያ ብቻ የቆጠረ ሰው ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ይጽፍ ነበር፣ ብዛት ብቻ የቆጠረ ደግሞ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ሳያውቅ ዕልቂት ብሎ ይጽፍ ነበር፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሙሉውን ማየት የተቻለው በየዓመቱ ዝንቦቹን አንድ በአንድ ስም የሰጣቸው ሰው ስለነበረ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ሥራውን ሲጀምር ይሄ ውጤት ይመጣል ብሎ ሊያውቅ አይችልም።

አሜሪካና ካናዳ ድንበር ላይ ያለው ኢሪ ሐይቅም ያው ነው። ምዕራባዊው ክፍሉ ጥልቀት ስለሌለው ንፋሱ ያማስለዋል፣ ታቹ ድረስ ኦክስጅን ይደርሳል፣ እዛ ጭቃ ውስጥ ሄክሳጄኒያ የሚባል ትልቅ ሜይፍላይ በካሬ ሜትር በመቶዎች ይኖር ነበር። በ1953 ሞቃትና ንፋስ የሌለበት ወቅት መጣ፣ ውሃው ላይና ታች ሆኖ ተለያየ፣ ታችኛው ኦክስጅኑን ጨረሰ፣ ብሪት የሚባል ተመራማሪ መስከረም አካባቢ ጭቃውን ሲያወጣ የሞቱ እጮች ነው ያገኘው። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፣ የአንድ ሞቃት ሳምንት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፣ ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ፎስፈረስ ለዓመታት አልጌውን እያበዛ፣ የሞተው አልጌ ታች ሲበሰብስ ኦክስጅን እየበላ ነገሩን አመቻችቶ ነበር፣ ሙቀቱ ገፋው እንጂ። በኋላም ጨርሰው ጠፉ፣ የተመለሱት በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ ማታ ማታ ሲወጡ መንጋቸው የአየር ጠባይ ራዳር ላይ ዝናብ መስሎ ይታያል፣ በዛው ራዳር የቆጠሩ ሰዎች በ2020 ባወጡት ጥናት ከ2012 ወዲህ ቁጥራቸው ከግማሽ በላይ ወርዷል ብለዋል። ራዳሩ ግሩም ነገር ነው፣ ወድጄዋለሁ። ግን ራዳሩ ላይ ያለው ደመና ሄክሳጄኒያ ነው ብላችሁ ለመናገር አንድ ሰው ወርዶ ዝንቡን በእጁ ይዞ ማየት አለበት።

እሺ እንስሳቱን ማወቅ ማለት ተግባሩ ምንድነው ካላችሁ፣ አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። ነጭ ትሪ ላይ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ወረንጦ ይዛችሁ መቀመጥ ነው። ናሙናው ገና በሕይወት እያለ ብትለዩት ይሻላል፣ ስለሚንቀሳቀሱ ዓይን ቶሎ ይይዛቸዋል፣ ከሞቱ በኋላ ሁሉም የበሰበሰ ቅጠል ነው የሚመስለው። የካዲስፍላይ እጭ ቤቱን ከአሸዋና ከእንጨት ስባሪ ስለሚሰራ ጀማሪ ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ይደፋዋል። መረባችሁ ግማሽ ሚሊሜትር ቀዳዳ ካለው ገና የተፈለፈሉት በሙሉ አምልጠዋል፣ ሩብ ሚሊሜትር ከሆነ ይያዛሉ ግን ቶሎ በደለል ይደፈንና ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የትኛውንም ምረጡ ብቻ ጻፉት፣ መሃል ላይ ደግሞ አትቀይሩ፣ መረብ በተቀየረበት ዓመት ቁጥሩ ሲዘል አይቶ የአየር ንብረት ለውጥ ነው ያለ ፔፐር ገምግሜ አውቃለሁ።

ሌብል ላይ ትንሽ ልጨቅጭቃችሁ። ወረቀቱ የሚገባው ብልቃጡ ውስጥ ነው፣ የሚጻፈውም በእርሳስ ወይም አልኮል በማይፈታው ቀለም ነው፣ ውጪ ላይ በማርከር የጻፋችሁት አንድ ጠብታ ኤታኖል ሲያርፍበት ይጠፋል። ቦታው ከነኮኦርዲኔቱ፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስም፣ በምን እንደተያዘ። "ሳይት 3" ብሎ መጻፍ ክልክል ነው በሉት፣ ሳይት 3 የት እንደሆነ ከ5 ዓመት በኋላ እናንተም አታውቁትም። ናሙናው ራሱ ውሃ ስላለው አልኮሉን ያቀጥነዋል፣ በማግስቱ ቀይሩት፣ ለዲኤንኤ ካሰባችሁት ደግሞ ከመጀመሪያው 95 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ክተቱት፣ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሸዋል ሳንባችሁንም አይምረውም። ፔፐሩ ከወጣ በኋላ ብልቃጡን አትጣሉ። ፕሮጀክት ሲያልቅ መደርደሪያ ያስፈልጋል ተብሎ የብዙ ዓመት ናሙና ወደ ቆሻሻ ሲሄድ አይቻለሁ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ግን አሁን አንድ ሰው ተነስቶ ያኔ የለየኸው ዝርያ ትክክል ነው ወይ ቢል የሚያሳየው ነገር የለም፣ ቁጥሩ ብቻ ቀረ። የሚገርመው ሐይቅ ራሱ ከኛ የተሻለ ያስቀምጣል፣ ዳፍኒያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ ጠንካራ ሽፋን ያለው እንቁላል ጥላ ጭቃ ውስጥ ትቀብረዋለች፣ አውሮፓ ውስጥ ካለው ከኮንስታንስ ሐይቅ ጭቃ የወጡ የአስርት ዓመታት ዕድሜ ያላቸው እንቁላሎች ላብራቶሪ ውስጥ ተፈልፍለው፣ ሐይቁ በአልጌ ከመበከሉ በፊት የነበሩት መርዛማውን ሳይኖባክቴሪያ (ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚሉትን) አይችሉም ነበር፣ በኋላ የመጡት ግን እየቻሉት ሄደዋል፣ ዝግመተ ለውጥን በዓይን እንደማየት ነው።

ዲኤንኤውን እጠላለሁ ማለት አይደለም። ከውሃው ወይ ከተፈጨ ናሙና ዲኤንኤ አውጥቶ ዝርዝር ማግኘት እኛ ወር የሚፈጅብንን በአጭር ጊዜ ያደርጋል፣ ደቃቅ እጮችን ደግሞ ማንም ሰው በዓይኑ አይለያቸውም፣ ተማሩት። ነገር ግን ማሽኑ ያነበበውን ፊደል ከምን ጋር ነው የሚያስተያየው? ከዳታቤዝ ጋር። ዳታቤዙ ላይ ያለውን ስም ማን ሰጠው? እንደገና ያ ወረንጦ የያዘው ሰው ነው። እሱ ከተሳሳተ ስህተቱ በፍጥነት ይባዛል፣ ዝርያው ዳታቤዙ ላይ ከሌለ ደግሞ "ያልታወቀ" ብሎ ያልፈዋል። ብዛቱን በአስተማማኝ መናገርም ገና ያስቸግራል፣ ብራይተንባህ ላይ ያየነው ዓይነት 80 በመቶ መቀነስ በዝርዝር ብቻ ቢታይ ኖሮ ሊያመልጥ ይችል ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም የያዘ ወጣት ካለ ሥራ አያጣም ባይ ነኝ። ስታቲስቲክሱና ኮዲንጉ ላይ ብዙ አልልም፣ የግድ ነው፣ ከኔ የተሻለ የሚያስተምራችሁ ሞልቷል።

አሁን ወደ ኑሮው ልምጣ። የምርምር ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ዓመት ነው የሚሰጠው፣ እንስሳቱ ግን የገንዘብ ሰጪን ካላንደር አያውቁም። ሄክሳጄኒያ ጭቃ ውስጥ 1 ወይ 2 ዓመት ነው የሚያድገው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ያለ ድራጎንፍላይ ከዛም ይበልጣል፣ የወንዝ ዕንቁ የምትሰራው ሙሰል (ባለ ሁለት ቅርፊት እንስሳ ናት) ከ100 ዓመት በላይ ትኖራለች። በ3 ዓመት አንድ ትውልድ ሙሉ ሳታዩ ሪፖርት ጻፉ ትባላላችሁ። እኔ ያዋጣኝ ሁለት ነገር ጎን ለጎን መያዝ ነው፣ አንዱ ገንዘብ የሚያመጣው ያጭር ጊዜ ጥያቄ፣ ሁለተኛው ማንም የማይከፍላችሁ ግን በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት በተመሳሳይ መረብ የምትመለሱበት አንድ ቦታ፣ ትንሽ ይሁን፣ ግማሽ ቀን የሚበቃው። የኋለኛው መጀመሪያ ላይ ምንም አይመስልም፣ ለፔፐርም አይሆንም፣ አስር ዓመት ሲያልፈው ግን ማንም ሊገዛው የማይችል ነገር ይሆናል። በ2023 ኔቸር የተባለው ጆርናል ላይ የወጣው የአውሮፓ ወንዞች ጥናት 1,816 እንደዚህ ያሉ ተከታታይ መረጃዎችን ከ22 አገር ሰብስቦ ነው የውሃ ኢንቨርቴብሬቶች ማገገም ከ2010 ወዲህ ቆሟል ያለው፣ ከነዛ ውስጥ ስንቱ ማንም ሳያመሰግነው በትጋት የተሞላ ይመስላችኋል።

አድቫይዘር ስትመርጡ ዝናውን ተዉት። የድሮ ተማሪዎቹን ፈልጋችሁ አሁን የት እንዳሉ ጠይቁ፣ ከዛ ላቡን ስትጎበኙ ናሙና የሚቀመጥበትን ክፍል አሳዩኝ በሉ። ብልቃጦቹ ደርቀው፣ ሌብል ሳይኖራቸው ካርቶን ውስጥ ተጥለው ካያችሁ ፔፐሮቹ ምንም ያህል ቢያምሩ ሁለቴ አስቡበት። ስማችሁ ፔፐር ላይ ይገባል አይገባም የሚለውን ደግሞ ናሙና ለይታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሳይሆን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ያፍራሉ ልጆች፣ አትፈሩ።

ደህንነት ላይ ቀልድ የለኝም። ሺገሩ ናካኖ የሚባል ጃፓናዊ ነበር፣ ሆካይዶ ላይ ባለች አንዲት ጅረት ሠርቶ ጫካና ውሃ እንዴት እንደሚመጋገቡ ያሳየን ሰው፣ ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ ወፎቹ ከጅረቱ የሚወጣ ነፍሳት ይበላሉ፣ በጋ ላይ ደግሞ ዓሣዎቹ ከዛፍ የሚወድቀውን፣ ሲደመር ወፎቹ በዓመት ከሚያገኙት ኃይል ሩቡ ከውሃው፣ ዓሣዎቹ ከሚያገኙት 44 በመቶው ከየብሱ። ሙራካሚ ከሚባል ባልደረባው ጋር የጻፈው ይሄ ሥራ በ2001 ሲታተም እሱ የለም። መጋቢት 2000 ላይ ካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ለምርምር ወጥተው የነበሩበት ጀልባ በማዕበል ተገልብጦ እሱንና ጋሪ ፖሊስ የሚባለውን ኢኮሎጂስት ጨምሮ 5 ተመራማሪዎች ሞቱ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ብቻችሁን ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ደረት ድረስ የሚደርስ ዌደር (ውሃ የማያስገባ ሱሪ) ስትለብሱ ወገባችሁ ላይ ቀበቶ እሰሩ ስትወድቁ ውሃ እንዳይሞላባችሁ፣ ወንዙ ቀለሙን ቀይሮ ከፍ ማለት ከጀመረ መረቡንም ጥላችሁ ውጡ፣ ቀንድ አውጣ ያለበት ሙቅ ውሃ ላይ ቢልሃርዚያ እንዳለ አስቡና ባዶ እግራችሁን አትግቡ። አለቃችሁ ዛሬ ካልሰበሰብን ዓመቱ ይበላሻል ቢላችሁ ይበላሽ በሉት።

ሥራ ያገኛል ወይ ለምትሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቋሚ ቦታ የሚያገኘው ጥቂቱ ነው፣ ይሄን ከመጀመሪያው እወቁት፣ ግን ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም ያለው። የውሃ መስሪያ ቤት፣ የአካባቢ አማካሪ ድርጅት፣ ሙዚየም፣ የሕክምና ነፍሳት ላብራቶሪ ሁሉ እጭ መለየት የሚችል ሰው ይፈልጋሉ፣ የሚችለው ሰው ደግሞ እያረጀ ነው። አንድ ቡድን ምረጡ፣ ሜይፍላይ ይሁን ቀንድ አውጣ ይሁን የጭቃ ትል፣ ማንም የማይወደውን ብትመርጡ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ወረፋ የለውም። የጭቃ ትል የሚያውቅ ሰው ሥራ ፈልጎ ያጣ እስካሁን አላየሁም፣ ሀብታም ሲሆንም አላየሁም።

ስትጀምሩ ስፔሻሊስቶች ጋር መጻፋችሁ አይቀርም። ብዥ ያለ የስልክ ፎቶ ልካችሁ ይሄ ምንድነው አትበሉ። ከላይ፣ ከጎንና ከሆዱ በኩል አንሱት፣ መጠኑ እንዲታወቅ ሚሊሜትር ያለበት ነገር አጠገቡ አድርጉ፣ ምን ዓይነት ውሃ ውስጥ፣ ድንጋይ ስር ነው ቅጠል ውስጥ እንደተገኘ ጻፉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መለያ ቁልፉ (ጥያቄ በጥያቄ ወደ ዝርያው የሚያደርሳችሁ መመሪያ) ላይ የት ድረስ እንደሄዳችሁና የትኛው ጥያቄ ላይ እንደቆማችሁ ንገሯቸው፣ ያኔ ሰውየው ለፍታችሁ እንደመጣችሁ ስለሚያይ ይመልስላችኋል። ሁለት ሳምንት ዝም ካሉ በትህትና አስታውሷቸው፣ ፊልድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ናሙናውን ላኩልኝ ካሉ ደግሞ ላኩ፣ ግን ከአንድ በላይ ካላችሁ ግማሹን እናንተ ጋር አስቀሩ፣ ሌብሉን ገልብጣችሁ።